ከክራር ክር እስከ መሬት መንቀጥቀጥ፦ የሞገድ እኩልታ ምን ይነግረናል፣ ምንስ አይነግረንም?

በ2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች አካባቢ መሬት ለወራት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። እንዲህ ባለ ሰሞን ሁለት ዓይነት ወሬ ይነግሣል። አንዱ "ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመጣል" የሚል ነው፤ ሌላው "ሳይንቲስቶች የሚያውቁት ነገር የለም" የሚል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ንዝረት ከተነሣ በኋላ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የት በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ የሚያሰላ ሒሳብ ከ270 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መቼ እንደሚነሣ ግን ይኸው ሒሳብ ሊናገር አይችልም፤ የማይችልበትም ምክንያት በውስጡ ያለ ነው። ሒሳቡ የሞገድ እኩልታ ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

"ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ከትምህርት ቤት በምናስታውሰው እኩልታ (ኢኩዌሽን) ላይ የሚፈለገው ቁጥር ነው። በ2 ተባዝቶ 3 ሲጨመርበት 11 የሚሆነው ማን ነው? 4። አለቀ።

ዲፈረንሻል እኩልታ ላይ የሚፈለገው አንድ ቁጥር ሳይሆን የአንድ ነገር ሙሉ አካሄድ ነው። የሚሰጠን ደግሞ የለውጡ ደንብ ብቻ ነው፦ "አሁን እንዲህ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቅጽበት ለውጡ ይህን ያህል ነው" የሚል። ከፎቅ የተለቀቀ ድንጋይ ከፍታ በጊዜ ብቻ ስለሚለዋወጥ ተራ ዲፈረንሻል እኩልታ ይበቃዋል። የሚርገበገብ ክር ግን በጊዜም በቦታም ይለያያል፤ መሀሉ ሲነሣ ዳሩ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ በጊዜ የመጣውን ለውጥ ለብቻ፣ በቦታ ያለውን ልዩነት ለብቻ ለክቶ ሁለቱን የሚያያይዝ ደንብ ያስፈልጋል። ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ የሚባለው ይህ ነው።

የዚህ ዓይነት እኩልታ ብዙ ነው። ሦስቱ ግን የሌሎቹ ሁሉ አባቶች ናቸው ማለት ይቻላል፦ ሙቀት እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸው፣ ነገሮች ከረጉ በኋላ ያለውን ሁኔታ የሚገልጸው (የላፕላስ እኩልታ)፣ እና የሞገዱ። ባሕርያቸው የተራራቀ በመሆኑ ለአንዱ የሚሠራ ዘዴ ብዙውን ጊዜ ለሌላው አይሠራም።

ክሩ የሚታዘዘው ለየትኛው ደንብ ነው?

አንድ የክራር ክር በሐሳብ ወደ ብዙ ነጥቦች እንከፋፍል። እያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶቹን ብቻ ነው፤ የሚስቡት እነሱ ናቸው። የግራው ጎረቤት 2 ሚሊ ሜትር፣ የቀኙ 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው እሱ 5 ላይ ቢሆን፣ የጎረቤቶቹ አማካይ 3 ስለሆነ እሱ በ2 ሚሊ ሜትር ልቆ ተገኝቷል። ስለዚህ ወደ ታች ይሳባል። ከአማካዩ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ወደ ላይ ይሳብ ነበር። ልዩነቱ በሰፋ መጠን ስበቱ ይበረታል።

የሞገድ እኩልታ በቃል ሲነበብ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም፦ የነጥቡ ፍጥነት የሚለወጠው ነጥቡ ከጎረቤቶቹ አማካይ በራቀበት ልክ ነው። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ደንቡ የሚወስነው ፍጥነቱን ሳይሆን የፍጥነቱን ለውጥ መሆኑ ነው። ነጥቡ ወደ አማካዩ ሲደርስ ስበቱ ዜሮ ቢሆንም ፍጥነቱ ስላለ አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ በተቃራኒው ይሳባል። መርገብገብ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሙቀት እኩልታ ላይ ግን ከአማካዩ መራቅ የሚወስነው የለውጡን ፍጥነት ራሱን ነው፤ ስለዚህ ሙቀት ወደ አማካዩ ተጠግቶ እዚያው ይቀራል እንጂ አይወዛወዝም።

በልዩነቱ ላይ የሚባዛ አንድ ቁጥር አለ፤ እሱም የሞገዱ ፍጥነት ስኩዌር ነው። በክር ላይ ፍጥነቱ የሚገኘው የክሩን ውጥረት በአንድ ሜትር ክር ክብደት አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን በመውሰድ ነው። በቁጥር እንየው። 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር በሜትር ወደ 0.58 ግራም ይመዝናል። በሰከንድ 220 ጊዜ እንዲርገበገብ ከተፈለገ ሞገዱ ክሩን ደርሶ መልስ፣ ማለትም 1 ሜትር፣ በሰከንድ 220 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ፍጥነቱ 220 ሜትር በሰከንድ ነው ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውጥረት 28 ኒውተን አካባቢ ነው፤ 2.9 ኪሎ ዕቃ ክሩ ላይ ቢንጠለጠል የሚፈጥረው ያህል። ድምፁን በእጥፍ ለማቅጠን ውጥረቱ አራት እጥፍ፣ ወደ 11.5 ኪሎ፣ መድረስ አለበት፤ ስኩዌር ሩቱ ነዋ። ክራር ሲቃኝ የሚለወጠው ውጥረቱ ነው። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ውጥረቱ ሳይነካ ጭራው በጣት ያጥራል፤ በግማሽ ሲያጥር የድምፁ ድግግሞሽ እጥፍ ይሆናል።

በእጅ ተሰልቶ ሊታይ ይችላል?

ይቻላል፤ ብዕርና ወረቀት ይበቃል። ክሩን በ9 ነጥቦች እንክፈለው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የታሰሩ ስለሆኑ ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው። የጊዜ እርምጃውን ሞገዱ ከአንድ ነጥብ ወደ ጎረቤቱ ለመድረስ ከሚወስድበት ጊዜ ጋር እኩል ካደረግነው ደንቡ በጣም ይቀላል፦

አዲሱ ከፍታ = የግራ ጎረቤት + የቀኝ ጎረቤት − የነጥቡ የራሱ የቀድሞ ከፍታ

መሀሉን በ2 ሚሊ ሜትር አንሥተን ከቆመበት እንልቀቀው። ገና የቀድሞ ከፍታ ስለሌለ ለመጀመሪያው እርምጃ ብቻ የጎረቤቶቹ አማካይ ይወሰዳል።

እርምጃ 0፦ 0 0 0 0 2 0 0 0 0
እርምጃ 1፦ 0 0 0 1 0 1 0 0 0
እርምጃ 2፦ 0 0 1 0 0 0 1 0 0
እርምጃ 3፦ 0 1 0 0 0 0 0 1 0
እርምጃ 4፦ 0 0 0 0 0 0 0 0 0
እርምጃ 5፦ 0 −1 0 0 0 0 0 −1 0
እርምጃ 6፦ 0 0 −1 0 0 0 −1 0 0
እርምጃ 7፦ 0 0 0 −1 0 −1 0 0 0
እርምጃ 8፦ 0 0 0 0 −2 0 0 0 0

ጉብታው ለሁለት እኩል ተከፍሎ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ሄደ። ፈረንሳዊው ዣን ለ ሮን ዳላምቤር በ1747 ያገኘው ውጤት ይኸው ነው፦ የክር መርገብገብ ሁሉ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጓዙ የሁለት ቅርጾች ድምር ነው። የታሰረው ዳር ላይ ሲደርስ ሞገዱ ተገልብጦ ይመለሳል፤ 1 የነበረው −1 ሆነ። በ16ኛው እርምጃ ክሩ ወደ መጀመሪያው ቅርጹ ይመለሳል፤ አንድ ሙሉ ርግብግቢት ማለት ነው።

እርምጃ 4ን ግን እንደዋዛ አንለፈው። ክሩ ፎቶ ቢነሣ ፍጹም ቀጥ ያለ ነው፤ ሆኖም በሚቀጥለው እርምጃ ተገልብጦ ይነሣል። ፎቶው የማያሳየው ፍጥነቱን ነው። የሞገድ እኩልታ ቅርጽ ብቻ ተሰጥቶት የወደፊቱን መናገር የማይችለው ለዚህ ነው፤ የመነሻ ቅርጽም የመነሻ ፍጥነትም ይፈልጋል። በተጨማሪ ዳሮቹ ታስረዋል ወይስ ነጻ ናቸው የሚለው መታወቅ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መልሱ ብዙ ይሆናል፤ ብዙ መልስ ደግሞ ለተግባር መልስ እንደማጣት ነው።

ክሩ ሲሳብ የሚፈጠረው ማዕዘን ለምን አጣላ?

ክር በጣት ተስቦ ሊለቀቅ ሲል ቅርጹ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው፤ ከጣቱ ሥር ሹል ማዕዘን አለ። እኩልታው የሚጠይቀው ጉብጠትን ነው፤ ሹል ማዕዘን ላይ ደግሞ ጉብጠት የሚባል ቁጥር የለም። ዳላምቤር "እንግዲያው እኩልታው እዚያ አይሠራም" አለ። ሌላው የዘመኑ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር አልተቀበለውም፤ እውነተኛ ክር የሚነካው እንዲያ ነው፣ ክሩም ይርገበገባል። በ1753 ዳንኤል በርኑሊ ሦስተኛ ሆኖ ገባና ማንኛውም ርግብግቢት የንጹሕ ድምፆች ድምር ነው አለ፦ መሠረታዊው፣ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ እያለ የሚቀጥል። ሁለቱም አላመኑትም። ዦዜፍ ፉሪየ በ1807 የሙቀትን ስርጭት ሲያጠና ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ እንኳ ተቃውሞ ገጥሞታል።

በተግባር በርኑሊ ያለው በጆሮ ይሰማል። ክሩ ልክ መሀሉ ላይ ከተሳበ እጥፉ፣ አራት እጥፉ፣ ስድስት እጥፉ ጨርሶ አይኖሩም፤ ወደ ዳሩ ተጠግቶ ሲሳብ ግን ይመጣሉ፣ ድምፁም ይሾላል።

የማዕዘኑ ጥያቄ በትክክል የተፈታው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ሰርጌይ ሶቦሌቭ፣ በ1940ዎቹ ሎራን ሽዋርትዝ ያመጡት ሐሳብ ሲቀል እንዲህ ነው፦ እኩልታው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እንዲሠራ ከማስገደድ ይልቅ በእያንዳንዱ ትንሽ ክልል ላይ በአማካይ መሥራቱን እንፈትሽ። በዚህ መለኪያ ማዕዘን ያለው ክር ሕጋዊ መፍትሔ ይሆናል፤ ደካማ መፍትሔ ይባላል። ሽዋርትዝ በ1950 የፊልድስ ሜዳልያን (ለሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት) ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ማዕዘኑ ራሱስ ምን ይሆናል? ክሩ ሲለቀቅ ለሁለት ተከፍሎ በሞገዱ ፍጥነት ግራና ቀኝ ይሮጣል እንጂ አይለሰልስም። የሙቀት እኩልታ ቢሆን ኖሮ ማንኛውንም ሹል ነገር ወዲያው ያለሰልሰው ነበር።

የሒሳብ ተንታኞች መልሱን ሳያገኙ ስለ መልሱ ምን ያጣራሉ?

አብዛኛው ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ ንጹሕ የመልስ ቀመር የለውም። ስለዚህ ተንታኙ ከማስላቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹን በ1902 ያስቀመጣቸው ዣክ አዳማር ነው። መልስ አለ ወይ? አንድ ብቻ ነው ወይ? መነሻው በጥቂቱ ሲዛባ መልሱም በጥቂቱ ብቻ ይዛባል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የዋህ ይመስላል። ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ በ1875 ያሳተመችው ማረጋገጫ እኩልታውም መነሻውም በጣም የለሰለሱ ከሆኑ፣ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ መልስ እንዳለ ያሳያል። በ1957 ግን ሐንስ ሌቪ ሲታይ ምንም የማያስጠረጥር፣ ሆኖም ጨርሶ መልስ የሌለው እኩልታ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ "መቼም መልስ አይጠፋውም" ብሎ የሚጀምር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለሞገድ እኩልታ የሚመለሰው በሚያምር መንገድ ነው። የክሩ ጠቅላላ ኢነርጂ፣ ማለትም የእንቅስቃሴውና የመለጠጡ ድምር፣ ግጭት ከሌለ አይለወጥም። አሁን ከአንድ መነሻ ሁለት የተለያዩ መልሶች ወጡ እንበል። ልዩነታቸው ራሱ የሞገድ እኩልታውን ያሟላል፤ መነሻው ግን ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ኢነርጂው ዜሮ። ኢነርጂ አይጨምርምና ዜሮ ሆኖ ይቀጥላል፤ ልዩነት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው። ይኸው ክርክር በአንድ ውስን ክልል ላይ ሲደገም ሌላ ነገር ያወጣል፦ ምንም መረጃ ከሞገዱ ፍጥነት በላይ ሊሄድ አይችልም። እርምጃ 2 ላይ ዳር ያሉት ነጥቦች መሀሉ መነሣቱን ገና አልሰሙም። የሙቀት እኩልታ ይህ ገደብ የለውም፤ በወረቀት ላይ አንድ ጫፍ ሲነካ ሌላው ጫፍ በዚያው ቅጽበት፣ እጅግ በትንሹም ቢሆን፣ ይሞቃል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። የሙቀትን እኩልታ ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ማለትም ከአሁኑ ሙቀት ተነሥቶ ያለፈውን ማግኘት፣ የተማሰለን ማኪያቶ ወደ ቡናና ወተት እንደመለየት ነው፤ በመለኪያው ላይ ያለች ኢምንት ስሕተት ወደ ኋላ ስትሄድ እየተባዛች መልሱን ትውጠዋለች። የሞገድ እኩልታ ግን ወደ ኋላም እንደ ወደ ፊቱ ይሄዳል። ከላይ ያለውን ሰንጠረዥ ከታች ወደ ላይ በዚያው ደንብ ማስላት ይቻላል። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች በየጣቢያው የተቀዳውን ንዝረት ወደ ኋላ አስኬደው መነሻውን መፈለግ የሚችሉት ለዚህ ነው።

መሬት ውስጥ ሲሆንስ ምን ይለወጣል?

ክር አንድ አቅጣጫ አለው፤ መሬት ሦስት። ደግሞም ድንጋይ በሁለት መንገድ ይለጠጣል፦ ሲጨመቅና ሲጣመም። ስለዚህ በ1820ዎቹ መጨረሻ ሲሜዎን ፖይሶን እንዳሳየው ከአንድ መነሻ ሁለት ሞገድ ይወጣል። ፈጣኑ ፒ ሞገድ ድንጋዩን በሚሄድበት አቅጣጫ እየገፋና እየሳበ ያልፋል፤ ከላይኛው የመሬት ቅርፊት ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ተከታዩ ኤስ ሞገድ ወደ ጎን እያወዛወዘ በ3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰውም እሱና እሱን ተከትለው በገጽ ላይ የሚመጡት ናቸው። ፍጥነቱ የሚወሰነው እንደ ክሩ ነው፤ በውጥረት ፈንታ የድንጋዩ ጥንካሬ፣ በክሩ ክብደት ፈንታ የድንጋዩ እፍጋት ይገባል።

ከፈንታሌ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፒ ሞገድ በ22 ሰከንድ፣ ኤስ ሞገድ በ37 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ በመካከላቸው 15 ሰከንድ አለ። አጥኚ የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው፦ በመሣሪያው ላይ የሁለቱን የመድረሻ ልዩነት ይለካና እያንዳንዱን ሰከንድ በ8.4 ኪሎ ሜትር ያባዛል። ርቀቱ ታወቀ፤ አቅጣጫው ግን ገና ነው። ሦስት ጣቢያዎች የየራሳቸውን ክብ ሲስሉ የሚገናኙበት ቦታ መነሻው ነው።

በአንድ ከተማ ውስጥ አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ደንግጦ ሲወጣ መንገድ ላይ ያለው ምንም ያልተሰማው ለምንድን ነው? በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚወዛወዘው ንዝረት በጉዞ ላይ ቶሎ ይሟሽሻል፤ 100 ኪሎ ሜትር አልፎ በደንብ የሚደርሰው ዝግ ብሎ የሚወዛወዘው ነው። ሕንጻ ደግሞ እንደ ክር የራሱ መወዛወዣ አለው። በግምት የፎቁን ቁጥር በ0.1 ማባዛት ነው፦ ባለ 10 ፎቅ በ1 ሰከንድ አንዴ፣ ባለ 1 ፎቅ በ0.1 ሰከንድ አንዴ። የሚመጣው ሞገድ 1 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ፎቁን እየደጋገመ በልኩ ይገፋዋል፤ አጭሩን ቤት ግን ይዞት ከፍ ዝቅ ከማለት በቀር አያወዛውዘውም።

ታዲያ መቼ እንደሚመጣ ለምን አይነግረንም? እኩልታው መነሻውን ከውጭ ስለሚቀበል ነው። መነሻ የሚሆነው ከመሬት በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ላይ፣ በስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው ድንጋይ የሚንሸራተትበት ቅጽበት ነው። እሱን የሚወስኑት በዚያ ስንጥቅ ላይ ያለው ውጥረትና ሰበቃ ናቸው፤ ሁለቱንም በየነጥቡ የሚለካ መሣሪያ የለም። ስለዚህ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የሚናገር ሰው ከየትኛውም እኩልታ አላገኘውም። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ነው። ጃፓን ከ2007 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የምትጠቀምበት ትንበያ አያደርግም፤ ለመነሻው ቅርብ በሆነ ጣቢያ ፒ ሞገድን ይዞ ኤስ ሳይደርስ መልእክት ይልካል። መነሻው አጠገብ ላለ ሰው ይህ ብዙም አይጠቅምም፦ በ20 ኪሎ ሜትር ላይ የሁለቱ ልዩነት 2.4 ሰከንድ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ስሌቱን ሲያበላሽ ምን ሆኖ ነው?

ኮምፒውተርም የሚያደርገው ከላይ በእጅ የሠራነውን ነው፤ ነጥቦቹ ብቻ ይበዛሉ። ጀማሪ ፕሮግራመር ሁሉ ግን አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ፦ ስሌቱ ቶሎ እንዲያልቅ የጊዜ እርምጃውን ያስረዝማል፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ወደ ቢሊዮን ይተኮሳሉ። በዚያው በ9 ነጥብ ክር ላይ እርምጃውን እጥፍ እናድርገው። ደንቡ አሁን "4 ጊዜ ግራ + 4 ጊዜ ቀኝ − 6 ጊዜ ራሱ − የቀድሞው" ይሆናል (በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ብቻ የቀድሞው ሳይቀነስ የቀሪው ግማሽ ይወሰዳል)። የመሀሉ ነጥብ ከ2 ተነሥቶ −6፣ ከዚያ 66፣ ከዚያ −774 ይሆናል። በሦስት እርምጃ!

ምክንያቱን በ1928፣ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ሳይፈጠር፣ ሪቻርድ ኩራንት፣ ኩርት ፍሪድሪክስና ሐንስ ሌቪ አስቀምጠውታል። በእጥፍ እርምጃ እውነተኛው ሞገድ ሁለት ነጥብ ያህል ይጓዛል፤ ደንቡ ግን የሚያየው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው። መልሱን የሚወስነው መረጃ ከሚያይበት ክልል ውጭ ቀርቷል። ስለዚህ ሞገዱ በአንድ እርምጃ ከአንድ ጎረቤት አልፎ መሄድ የለበትም። በሦስት አቅጣጫ ሲሆን ገደቡ ይጠብቃል፦ የነጥቦቹ ርቀት በፍጥነቱ ተካፍሎ እንደገና በ1.73 ይካፈላል። ነጥቦቹ 100 ሜትር ተራርቀው ፍጥነቱ 6 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ከሆነ እርምጃው ከ0.0096 ሰከንድ መብለጥ አይችልም።

ዋጋው የሚንረው እዚህ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ነጥቦቹ 8 እጥፍ፣ እርምጃዎቹ 2 እጥፍ ይሆናሉ፤ ሥራው 16 እጥፍ። ኤስ ሞገድ በሰከንድ 300 ሜትር ብቻ የሚሄድበት ልል አፈር ላይ የ2 ኸርዝ (በሰከንድ 2 ጊዜ የሚወዛወዝ) ሞገድ ርዝመቱ 150 ሜትር ነው። በተለመደው ዘዴ አንድን ሞገድ በደንብ ለመያዝ 10 ነጥብ ያህል ስለሚያስፈልግ ርቀቱ 15 ሜትር ይሆናል። 130 በ60 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ 30 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለውን መሬት በዚህ ብንሸፍን ወደ 70 ቢሊዮን ነጥብ ይመጣል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቢያንስ 9 ቁጥር (3 የፍጥነት፣ 6 የውጥረት) መያዝ ስላለበት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ብቻ 2.5 ቴራባይት ይደርሳል፤ የ60 ሰከንድ ንዝረት ለማስላትም 42 ሺህ ገደማ እርምጃ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ይህን በጥሬው አያደርጉትም። ላይ ላዩን ልል አፈር ባለበት ነጥቦቹን ያቀራርባሉ፣ ወደ ታች ድንጋዩ እየጠነከረ ሞገዱ ስለሚረዝም ያራርቋቸዋል፤ ወይም ከ2 ኸርዝ በላይ ያለውን ትተው በሌላ ዘዴ ይገምቱታል።

ሌላው የተለመደ ብልሽት የስሌቱ ዳር ነው። እውነተኛው መሬት ይቀጥላል፤ የኮምፒውተሩ ግን አንድ ቦታ ያልቃል። ዳሩ ዜሮ ሆኖ ከታሰረ በእርምጃ 5 ላይ እንዳየነው ሞገዱ ተገልብጦ ይመለሳል፣ በእውነተኛው ንዝረት ላይም ይደረባል፤ ያልነበረ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በክሩ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዳር ያለው ነጥብ የጎረቤቱን የቀድሞ ከፍታ እንዲወስድ ማድረግ። ያን ጊዜ እርምጃ 4 ላይ ዳሩ 1 ይሆናል፣ እርምጃ 5 ላይ 0፣ ሞገዱም ሳይመለስ ወጥቶ ይሄዳል። በሦስት አቅጣጫ ግን ሞገድ ዳሩን በሰያፍ ይመታል፤ ይህ ደንብ በቀጥታ ለመጣው ብቻ ስለሚሠራ ቀሪው ይንጸባረቃል። በ1977 ብዮርን ኤንግኲስትና አንድሩ ማይዳ ለሰያፍ ሞገድም የተሻለ የዳር ደንብ አወጡ። በ1994 ደግሞ ዣን ፒየር ቤራንዤ ለኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ሌላ መላ አመጣ፦ ከዳሩ ውጭ ጥቂት ነጥብ ውፍረት ያለው ንጣፍ መጨመር። ሞገዱ በየትኛውም ማዕዘን ሲገባ አይንጸባረቅም፣ ከገባ በኋላ ግን እየሟሸሸ ይጠፋል። ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌቶችም በስፋት ይጠቀሙበታል፤ ብዙውን ጊዜ 10 ነጥብ ያህል ውፍረት ይበቃዋል።